ማይክሮስኮፕ በሐዋሳ ምን ያሳያል

በማለዳ ወደ ሐዋሳ ሐይቅ ወርዶ በአሞራ ገደል በኩል የቆመ ሰው ብዙ ነገር ያያል። ዓሣ አጥማጆች ከጀልባ ወርደው መረባቸውን ያራግፋሉ፤ ልጆች ቆሮሶውን በቢላዋ ይገፍፋሉ፤ አባ ኮዳዎችም እንደ ሽማግሌ አንገታቸውን ሰብረው የሚጣልላቸውን አንጀት ይጠብቃሉ። ውሃው ደግሞ አረንጓዴ ነው። ከዚያ ከቆሙት ሰዎች አንዱን ጠርተን «ውሃው ስለምን አረንጓዴ ሆነ?» ብንለው፣ «የሐይቅ ውሃ መቼም እንዲህ ነው» ይለን ይሆናል። ቃሉ ሐሰት አይደለም፤ ዳሩ ግን መልስ አይደለም።

ዛሬ ልናገርበት ያሰብሁት ይህንኑ ጥያቄና ከእርሱ ጋር የሚዛመዱ ሌሎች ሁለት ጥያቄዎችን ነው። ሁለተኛው፣ አንድ ልጅ በትኩሳት ሲንቀጠቀጥ በደሙ ውስጥ ምን ገብቶበታል የሚለው ሲሆን፣ ሦስተኛው ደግሞ በሐይቁ ዳር ሲዋኝ የሚውል ልጅ ሆዱን ስለምን ይታመማል የሚለው ነው። ሦስቱም በዓይን ብቻ አይመለሱም። በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢዎቼ እንድታስታውሱልኝ እለምናለሁ።

አስቀድሞ ስለ መሣሪያው። ማይክሮስኮፕ የሚለው ስም ከግሪክኛ የተገኘ ሲሆን፣ ትርጓሜው «ትንሹን ማያ» እንደ ማለት ነው። በአማርኛ አጉሊ መነጽር እንለዋለን፤ ነገር ግን ይህ ስም ሰዓት ሠሪዎች በዓይናቸው ላይ የሚሰኩትን ባለ አንድ ሌንስ መሣሪያ ጭምር ስለሚያጠቃልል፣ እዚህ ላይ ማይክሮስኮፕ ብዬ ብጠራው ይሻላል። በጤና ጣቢያዎችና በትምህርት ቤቶች የሚገኘው ማይክሮስኮፕ ሁለት ወገን ሌንሶች አሉት። አንደኛው ወገን ከሚታየው ነገር አጠገብ፣ ሁለተኛው ከተመልካቹ ዓይን አጠገብ ነው። የታችኛው 100 ጊዜ፣ የላይኛው 10 ጊዜ የሚያጎላ እንደሆነ፣ በሁለቱ አማካይነት የሚታየው ነገር 1,000 ጊዜ ጎልቶ ይታያል ማለት ነው።

ነገር ግን ማጉላት ብቻውን ከንቱ ነው። በሌሊት ከሻሸመኔ ወደ ሐዋሳ የሚመጣ መኪና በሩቁ ሲታይ አንድ መብራት ያለው ይመስላል፤ ሲቀርብ ግን መብራቶቹ ሁለት መሆናቸው ይታወቃል። የሩቁን መብራት በፎቶግራፍ አንሥተን የፈለግነውን ያህል ብናሳድገው፣ አንድ ትልቅ ብዥታ እናገኝ እንደሆነ ነው እንጂ ሁለት መብራት አናገኝም። የማይክሮስኮፕም ዋጋው እንዲሁ ነው፤ ሁለት ተጠጋግተው ያሉ ነጥቦችን ሁለት አድርጎ ማሳየት መቻሉ ላይ ነው። ኤርንስት አቤ የተባለው ጀርመናዊ የፊዚክስ ሊቅ በ1873 እንዳስረዳው፣ ይህ ችሎታ በብርሃን ሞገድ ርዝመት የተወሰነ ነው። በብርሃን የሚሠራ ተራ ማይክሮስኮፕ ከ0.2 ማይክሮሜትር በታች ተቀራርበው ያሉትን ነጥቦች አይለይም። አንድ ማይክሮሜትር የአንድ ሚሊሜትር ሺህኛ ነው። የሰው ቀይ የደም ሕዋስ ስፋቱ ወደ 7 ማይክሮሜትር ስለሆነ በደኅና ይታያል፤ ባክቴሪያም ይታያል፤ አብዛኞቹ ቫይረሶች ግን አይታዩም። እነርሱን ለማየት ከ1931 ጀምሮ በኤርንስት ሩስካና በማክስ ክኖል የተሠራው፣ በብርሃን ፈንታ በኤሌክትሮን የሚሠራው ማይክሮስኮፕ ያስፈልጋል። የእርሱ ነገር ረዥም ስለሆነ ለዛሬ እንለፈው።

ማይክሮስኮፕን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚመለከት ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያየው የራሱን ሽፋሽፍት ነው። እኔም እንደዚያው ሆኜ፣ አንድ ጥቁር እግር ያለው ፍጥረት አገኘሁ ብዬ ተደስቼ ነበር። ቀጥሎ የሚያታልለው የአየር አረፋ ነው፤ ጥቁር ቀለበት የመሰለ ዙሪያ ስላለው ጀማሪ ሁሉ ሕይወት ያለው ነገር አድርጎ ይሥለዋል። ደግሞም ሰሌዳውን ወደ ቀኝ ሲገፉት ሥዕሉ ወደ ግራ ይሄዳል። ስለዚህ ማይክሮስኮፕ ማየት እንደ ንባብ የሚለመድ ሙያ ነው እንጂ ዓይን ያለው ሁሉ ወዲያው የሚያውቀው አይደለም።

አሁን ወደ ሐይቁ እንመለስ። በሆላንድ አገር በዴልፍት ከተማ አንቶኒ ቫን ሌዌንሁክ የሚባል የጨርቅ ነጋዴ ነበር። ከዩኒቨርሲቲ አልወጣም፤ ላቲንም አያውቅም ነበር። ሌንሶቹን በእጁ እየሳለ ይሠራ ነበርና፣ ዛሬ በእጅ ካሉት መሣሪያዎቹ አንደኛው በአንድ ትንሽ ሌንስ ብቻ ከ250 ጊዜ በላይ ያጎላል። ይህ ሰው በ1674 ከከተማው አጠገብ ካለ ሐይቅ ውሃ ቀዳ። የዚያ ሐይቅ ውሃ በክረምት ጥሩ ሆኖ በበጋ አረንጓዴ ደመና የመሰለ ነገር ይንሳፈፍበት ነበር፤ የአገሩም ባላገሮች ምክንያቱ ጤዛ ነው ይሉ ነበር። ሌዌንሁክ ውሃውን በሌንሱ ቢመለከት፣ እንደ ጠመዝማዛ ሪባን የተጠቀለሉ አረንጓዴ ክሮችንና በመካከላቸው ወዲያና ወዲህ የሚሮጡ ጥቃቅን ፍጥረቶችን አየ። ያየውንም በለንደን ለሚገኘው የሳይንስ ማኅበር ጻፈ። የጤዛው ነገር በዚህ ቀረ።

እንግዲህ የሐዋሳ ሐይቅም ነገር ከዚህ የራቀ አይደለም። ሐይቁ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ሲሆን፣ ጥልቅ በሆነበት ስፍራ ወደ 22 ሜትር ይወርዳል። ጥቁር ውሃ የተባለው ወንዝ ይገባበታል፤ ከእርሱ ግን በገሃድ የሚወጣ ወንዝ የለም። ስለዚህ ከእርሻም ሆነ ከከተማ ታጥቦ የሚገባው ነገር አብዛኛው እዚያው ይቀራል። ይህም ማዳበሪያ ሆኖ የሚመግባቸው ፍጥረቶች አሉ። አንድ ጠብታ የሐይቅ ውሃ በብርጭቆ ሰሌዳ ላይ አድርጋችሁ፣ በላዩም ስስ ብርጭቆ በአንድ ጐኑ ጀምራችሁ ቀስ ብላችሁ ብትከድኑበት (እንዲህ ካልሆነ የነገርኋችሁ አረፋ ይገባበታል) ታዩአቸዋላችሁ። ሊቃውንት አልጌ ይሏቸዋል፤ ሥር፣ ግንድና ቅጠል የሌላቸው፣ ነገር ግን እንደ ቅጠል ከፀሐይ ብርሃን ምግባቸውን የሚያዘጋጁ ናቸው።

በዚህ ሐይቅ ላይ በማይክሮስኮፕ የደከሙ ኢትዮጵያውያን ስማቸው ሊነሣ ይገባዋል። ደመቀ ክፍሌና አምሃ በላይ አልጌው በየወቅቱ ምን ያህል እንደሚያመርት መርምረው በ1990 አሳተሙ። ሥዩም መንግሥቱ ከካናዳው ሊቅ ከፈርናንዶ ጋር ሆነው፣ አልጌውን የሚበሉትን ጥቃቅን እንስሶች በ1991 ገለጹ። ኤልሳቤጥ ከበደና አምሃ በላይ ደግሞ በ1994 የሐይቁን አልጌዎች በየወገናቸው ለይተው ጻፉ። በዚህ ሥራ ከሚጠሩት መካከል ሁለቱን ብቻ ላንሣ። አንደኛው ቦትሪዮኮከስ ይባላል፤ ሕዋሶቹ እንደ ወይን ዘለላ የተያያዙ ሲሆኑ፣ በመካከላቸው ዘይት ስለሚያጠራቅሙ በውሃው ላይ ይንሳፈፋሉ። ሁለተኛው ማይክሮሲስቲስ ነው። እርሱ ደግሞ እጅግ ጥቃቅን የሆኑ ክብ ሕዋሶች በአንድ ዝልግልግ ነገር ውስጥ ተሰብስበው የሚኖሩበት ወገን ነው።

ሁለቱን ጐን ለጐን ማየት ስለ ሕዋስ ብዙ ያስተምራል። ሕዋስ የሚለው ነገር የታወቀው ሮበርት ሁክ የተባለው እንግሊዛዊ በ1665 የቡሽን ቅራፊ በማይክሮስኮፕ አይቶ፣ ባዶ ክፍሎቹን በገዳም ውስጥ ባሉ ጠባብ ቤቶች ስም በጠራቸው ጊዜ ነው። ሁክ ያየው ቤቱን ነበር፤ ባለቤቱ ግን ሞቶ ደርቋል። ሽላይደን በ1838 አትክልት ሁሉ፣ ሽቫን በ1839 እንስሳም ሁሉ ከሕዋስ የተሠራ መሆኑን እስኪገልጹ ድረስ 170 ዓመት ያህል አለፈ። የቦትሪዮኮከስ ሕዋስ እንደ እኛ ሕዋስ በመካከሉ ኒውክለስ የሚባል፣ የዘሩን ጽሑፍ የሚጠብቅበት ክፍል አለው። ማይክሮሲስቲስ ግን ይህ ክፍል የለውም፤ አረንጓዴ ይምሰል እንጂ ወገኑ ከባክቴሪያ ነው። በውስጡም አየር የያዙ ጥቃቅን ከረጢቶች ስላሉት፣ ነፋስ ሳይኖር ውሃው ጸጥ ባለ ቀን ወደ ላይ ይወጣና እንደ አረንጓዴ ቀለም ይንጣለላል፤ ነፋስም ሲነሣ ወደ ዳር ይገፋዋል። ከማይክሮሲስቲስ ዘር አንዳንዱ ጉበት የሚጎዳ መርዝ ይሠራል። ይህን በዓይን ብቻ አይቶ መለየት አይቻልም። ስለዚህ አረንጓዴ ሽፋን የተጋገረበትን የሐይቅ ዳር ውሃ፣ ቢፈላም እንኳ፣ ለመጠጥ አታድርጉት፤ መርዙ በማፍላት አይጠፋምና።

በሌላ ወገን ደግሞ ይህ አልጌ ባይኖር በአሞራ ገደል ገበያ አይቆምም ነበር። ጌታቸው ተፈራና ፈርናንዶ በ1989 ባወጡት ጥናት፣ የሐዋሳን ቆሮሶ ሆድ እየከፈቱ በውስጡ ያለውን በማይክሮስኮፕ መርምረው፣ ይህ ዓሣ ዕፅዋት በል መሆኑን ገልጸዋል። ከላይ የጠቀስናቸው ጥቃቅን እንስሶችም የዓሣ ጫጩት ምግብ ናቸው። ከነዚህ መካከል ሳይክሎፕስ የሚመስሉት ሴቶቹ እንቁላላቸውን በጭራቸው ግራና ቀኝ በሁለት ከረጢት አንጠልጥለው ይዞራሉ፤ ይህንን ባየሁ ቁጥር ከገበያ በሁለት እጇ ዘንቢል ይዛ የምትመለስ እናት ትመስለኛለች። የዚህ ሁሉ ሥራ ጥቅሙ ምንድን ነው ለሚል ሰው፣ መረብ ከመጣል በፊት ሐይቁ ምን ያህል ዓሣ መመገብ እንደሚችል የሚታወቀው ከዚህ ቁጥር ነው ብዬ እመልስለታለሁ።

ከሐይቁ ጠብታ ወደ ደም ጠብታ ስንመጣ ነገሩ ይከብዳል።

ወባን አባቶቻችን ንዳድ ይሉት ነበር፤ ከቆላ አየርና ከረግረግ ጋር ያያይዙትም ነበር። በደጋ የሚኖሩ ሰዎች ወደ ቆላ ወርደው ማደርን የሚፈሩት በከንቱ አልነበረም፤ የጐደላቸው ምክንያቱን ማወቅ ብቻ ነበር። አልፎንስ ላቨራን የተባለው የፈረንሳይ ጦር ሐኪም በአልጀርያ በኮንስታንቲን ሆስፒታል በ1880 የአንድ ወታደርን ደም ሲመረምር፣ በደሙ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ሕያው ነገር አየ። ቀለም እንኳ አልቀባውም ነበር። ሮናልድ ሮስ በ1897 በህንድ አገር ተውሳኩን በትንኝ ሆድ ውስጥ አገኘው። እንዲህ ሆኖ ንዳድ ከአየር ሳይሆን ከትንኝ ንክሻ የሚመጣ መሆኑ ታወቀ።

ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተመሠረተች ናት። ይህ ከፍታ ከወባ የሚያድን አይደለም፤ እንዲያውም አንዳንዴ የከፋ ነው። ሁልጊዜ ወባ ባለበት አገር የሚያድግ ሰው ሰውነቱ በጥቂቱ ይለምደዋል፤ አልፎ አልፎ በሚመጣበት አገር ግን ሕዝቡ ያልተዘጋጀ ስለሆነ ወረርሽኝ ሲነሣ ብዙ ሰው ይሞታል። በ1958 የሆነው ይኸው ነው። በዚያ ዓመት ዝናሙ በዝቶ ሙቀቱም ጨምሮ ስለ ነበረ፣ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ባሉት አገሮች ወባ ተነሥቶ፣ በግምት 3 ሚሊዮን ሰዎች ታመው 150,000 ያህል ሞቱ። የወባ ማጥፊያ ድርጅት በማግሥቱ፣ በ1959 ተቋቋመ። ነገሩ ያለፈ ታሪክ ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ በ2024 ከጥር መግቢያ ጀምሮ እስከ ጥቅምት 20 ድረስ ባሉት ወራት ብቻ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ በሽተኞችና 1,157 ሞት መመዝገቡን የዓለም ጤና ድርጅት አስታውቋል።

በሐዋሳ አንድ ሰው ትኩሳት ይዞት ወደ ጤና ጣቢያ ሲሄድ የሚደረገውን ደረጃ በደረጃ ልንገራችሁ፤ ብዙ ሰው ጣቱ ተወግቶ ወረቀት ይሰጠዋል እንጂ በመካከሉ ምን እንደ ተሠራ አያውቅምና። ባለሙያው የግራ እጅ ቀለበት ጣትን በአልኮል ጠርጎ ይወጋል። በአንድ ብርጭቆ ሰሌዳ ላይ ሁለት ዓይነት የደም ቅብ ይሠራል። አንደኛው ወፍራም ቅብ ነው፤ ጠብታው በክብ ይዘረጋል። ውፍረቱ ልክ መሆኑ የሚታወቀው ሰሌዳውን በጋዜጣ ላይ አስቀምጠው ፊደሉን በደሙ ውስጥ ማንበብ ሲቻል ነው። (ይህንን ጋዜጣ አንብባችሁ ስትጨርሱ ለዚህም ያገለግላል ማለት ነው።) ሁለተኛው ስስ ቅብ ነው፤ ጠብታው በሌላ ብርጭቆ ጠርዝ እየተገፋ፣ ሕዋሶቹ ሳይደራረቡ አንድ በአንድ እስኪሰለፉ ድረስ ይሳሳል።

ስስ ቅቡ በሜታኖል ይጸናል፤ ወፍራሙ ግን አይጸናም። ምክንያቱ እንዲህ ነው፤ ባልጸናው ቅብ ላይ ቀለሙ ሲፈስበት ቀይ ሕዋሶቹ ፈንድተው ቀያቸው ታጥቦ ይሄዳል፤ ተውሳኩና ነጭ የደም ሕዋሶች ብቻ ይቀራሉ። እንዲህ በመሆኑ ብዙ ደም በትንሽ ስፍራ ላይ መመርመር ይቻላል። ስለዚህ ወፍራም ቅብ ተውሳክ አለ ወይስ የለም የሚለውን፣ ስስ ቅብ ደግሞ ያለው የትኛው ወገን ነው የሚለውን ይመልሳል። ቀለሙ በጉስታፍ ጊምዛ፣ በሀምቡርግ ከተማ በነበረው ኬሚስት ስም ጊምዛ ይባላል። አሥር በመቶ ሆኖ ሲበጠበጥ ለ10 ደቂቃ ይቆይና ይታጠባል። የሕዋሱን ፈሳሽ ሰማያዊ፣ ኒውክለሱን ቀይ ያደርገዋል። ከዚያ ባለሙያው በሰሌዳው ላይ አንድ ጠብታ ዘይት ያደርጋል፤ 100 ጊዜ የሚያጎላው ሌንስም በዘይቱ ውስጥ ይጠልቃል። ዘይቱ ለምን እንደሆነ ብትጠይቁ፣ ብርሃን ከብርጭቆ ወደ አየር ሲወጣ ይጠማዘዛልና ብዙው ከሌንሱ ይስታል፤ ዘይቱ ግን ብርሃንን የሚያጠማዝዘው እንደ ብርጭቆ ስለሆነ ብርሃኑ ሳይስት ይገባል።

በዚህ ጊዜ ዓይኑን ያደረገው ሰው የሚያየው፣ በመልካም ቀን፣ ቀለበት ነው። ሰማያዊ ክብ፣ በአንድ በኩል ቀይ ነጥብ፤ ልክ ባለ ፈርጥ ቀለበት ይመስላል። ይህ ፕላስሞዲየም የተባለው የወባ ተውሳክ ነው። በኢትዮጵያ በብዛት የሚገኙት ሁለት ወገኖች ናቸው፤ ፋልሲፓሩምና ቫይቫክስ። የፋልሲፓሩም ቀለበት ቀጭን ነው፤ በአንድ ሕዋስ ሁለትና ሦስት ሆኖ ይገኛል፤ አንዳንድ ጊዜም በቀለበቱ ላይ ሁለት ፈርጥ አለው። ወደ ትንኝ ለመተላለፍ የተዘጋጀው ዓይነቱ ደግሞ እንደ ማጭድ የታጠፈ ነው። ቫይቫክስ የያዘው ሕዋስ ግን ያብጣል፣ በሮዝ ነጠብጣብም ይዥጎረጎራል።

ይህ ልዩነት ስለምን ያስጨንቃል? ፋልሲፓሩም ጎልምሶ ሲበዛ የያዘው ሕዋስ በቀጫጭን የደም ሥሮች ግድግዳ ላይ ይጣበቃል፤ በአእምሮ ሥሮች የተጣበቀ እንደሆነ ልጅን በአንድ ወይም በሁለት ቀን ሊገድል ይችላል። ከዚህም የተነሣ ከጣት በተቀዳው ደም ውስጥ ቀለበቱ ብቻ ይታያል፤ ጎልማሳው በውስጥ ተሸሽጓል። ጥቂት ቀለበት ታየ ማለት ጥቂት በሽታ አለ ማለት ላይሆን ይችላል። ቫይቫክስ ደግሞ በጉበት ውስጥ ተኝቶ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ እንደገና ይነሣል። በጉበት የተኛውን የሚገድለው መድኃኒት በደም ውስጥ ያለውን ከሚገድለው የተለየ ነው። ወገኑ በስሕተት የተጻፈለት በሽተኛ እንግዲህ ወይ ሳይድን ይቀራል፣ ወይ በመስከረም ድኖ በታኅሣሥ ይወድቃል።

ባለሙያው ተውሳኩን ይቆጥራል። 200 ነጭ የደም ሕዋሶች እስኪያገኝ ድረስ በመካከላቸው ያሉትን ተውሳኮች ቆጥሮ በ40 ያባዛዋል፤ 50 ቢያገኝ በአንድ ማይክሮሊትር ደም 2,000 ተውሳክ አለ ማለት ነው። አንድም ካላገኘ «የለም» ብሎ ለመጻፍ ቢያንስ 100 የእይታ መስኮች ማለፍ አለበት። ይህ ወደ 10 ደቂቃ ይወስዳል። ጠንቃቃ ሰው በማይክሮሊትር ወደ 50 የሚደርስ ተውሳክ ያገኛል፤ ይህም ከ100,000 ቀይ ሕዋሶች አንዱ የታመመ እንደሆነ ነው። ነገር ግን ዝናም ካቆመ በኋላ፣ በመስከረምና በታኅሣሥ መካከል፣ በአንድ ቀን 60 ሰሌዳ የሚቀርብለትን ሰው አስቡ። ለእያንዳንዱ 10 ደቂቃ ቢሰጥ 10 ሰዓት ሙሉ ዓይኑን ከመሣሪያው አያነሣም። በእኔ አስተያየት በሕክምና ቤት ውስጥ ምስጋና ከሚያንሳቸው ሰዎች አንደኛው ይህ ነው፤ በሽተኛው ሐኪሙን ያመሰግናል እንጂ በመጋረጃ በኩል ያለውን አያየውም። መብራት በጠፋ ጊዜ መሣሪያውን ወደ መስኮት አዙሮ በመስታወት የፀሐይ ብርሃን ወደ ሌንሱ የሚመልስ ባለሙያም አይቻለሁ።

ሦስተኛው ጥያቄ የሆድ ሕመሙ ነበር። በሐይቁ ዳር በቡሹሎና በጥቁር ውሃ በኩል ቢልሃርዚያ የሚባለው በሽታ መኖሩ በምርመራ ተረጋግጧል። የዚህ ትል እንቁላል ርዝመቱ 140 ማይክሮሜትር ያህል ሆኖ በጐኑ እንደ እሾህ ያለ ሹል አለው፤ አንድ ጊዜ ያየው ሰው አይረሳውም። እንቁላሉ ከሰው ዓይነ ምድር ጋር ወደ ውሃ የገባ እንደሆነ ይፈለፈላል፤ ከውስጡ የወጣውም በጠጉሩ እየቀዘፈ ቀንድ አውጣ ይፈልጋል። በቀንድ አውጣው ውስጥ ለሳምንታት ተባዝቶ፣ ጭራው መንታ የሆነ ሌላ መልክ ይዞ ፀሐይ ሲሞቅ ወደ ውሃ ይወጣል። የሚዋኘውን ልጅ ወይም በጉልበቱ ድረስ ገብቶ መረብ የሚጎትተውን ዓሣ አጥማጅ ቆዳ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይበሳል። ልጁ ምንም አይሰማው ይሆናል። ትሉ ግን በአንጀት ዙሪያ ባሉ የደም ሥሮች ውስጥ ለዓመታት እየኖረ እንቁላል ይጥላል፤ ጉበትንም ያጠነክራል።

ይህም የሚታወቀው በማይክሮስኮፕ ነው። 41.7 ሚሊግራም ዓይነ ምድር በልክ በተበሳ ካርቶን ተወስዶ፣ በግሊሰሪን በተነከረ ሴሎፋን ተከድኖ ይታያል፤ የተቆጠሩት እንቁላሎች በ24 ሲባዙ በአንድ ግራም ውስጥ ያለው ይታወቃል። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ፤ በዚያው ሰሌዳ ላይ መንጠቆ ትል ቢኖር እንቁላሉ ከአንድ ሰዓት በኋላ ስለሚጠፋ ቶሎ መታየት አለበት። የቀንድ አውጣው ነገር ሲነሣ የአክሊሉ ለማን ስም ሳይጠቅሱ ማለፍ አይቻልም። እኒህ ሊቅ በ1964 በአድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ባለው ውሃ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው፣ እንዶድ እነዚህን የሚገድል መሆኑን አረጋገጡ። በ1966 ያቋቋሙት የምርምር ተቋም ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በስማቸው ይጠራል። ልብ በሉ፤ እንዶድን ያገኙት በዓይናቸው ነው፤ ማይክሮስኮፕ የነገራቸው ቀንድ አውጣው ለምን መሞት እንደሚገባው ነው።

«ዛሬ በጠብታ ደም በ15 ደቂቃ ውጤት የሚሰጥ ሥጥ ያለ ፕላስቲክ መመርመሪያ እያለ ይህ ሁሉ ድካም ለምን?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። እውነት ነው፤ መብራትና ባለሙያ በሌለበት ቀበሌ ያ መመርመሪያ ብዙ ሕይወት አድኗል፤ እኔም አልነቅፈውም። ነገር ግን መመርመሪያው ፋልሲፓሩምን የሚያውቀው ተውሳኩ በሚሠራው በአንድ ፕሮቲን ነው። በአማራ፣ በትግራይና በጋምቤላ ከ2017 እስከ 2018 የተደረገና በ2021 የታተመ ጥናት፣ ይህንን ፕሮቲን መሥራት የተዉ ተውሳኮች መኖራቸውን አሳይቷል፤ በፕሮቲኑ ብቻ የሚሠራው መመርመሪያ ከ100 የፋልሲፓሩም በሽተኞች ወደ 10 የሚጠጉትን «የለብህም» ብሎ ሊመልሳቸው እንደሚችል ገምቷል። በብርጭቆው ላይ ግን ቀለበቱ እንዳለ ነው፤ ፕሮቲኑን ቢሰውርም መልኩን አልሰወረም።

ስለዚህ ትኩሳት ይዟችሁ፣ ወይም ልጃችሁን ይዛችሁ፣ ጣት በተወጋ ጊዜ የሚሰጣችሁን ወረቀት አንብቡት። «ወባ አለ» ብቻ ከሆነ የትኛው ወገን ነው ብላችሁ ጠይቁ። «የለም» የሚል ሆኖ ትኩሳቱ ካልለቀቀ፣ ተውሳኩ በጉልምስናው ጊዜ ተሸሽጎ ይሆናልና በማግሥቱ ተመልሳችሁ ደም አስመርምሩ። የተመረመረው ብርጭቆ ብዙ ጊዜ አይጣልም፤ በሣጥን ተደርድሮ ይቀመጣል። ከእነዚህም ጥቂቶቹ ተመርጠው ወደ ሌላ ላቦራቶሪ ይላካሉ፤ በዚያም ያለው ባለሙያ የፊተኛው ምን ብሎ እንደ ጻፈ ሳይነገረው፣ ዘይቱን አድርጎ ከመጀመሪያው መስክ ጀምሮ እንደገና ይቆጥራል።